ኮምፒውተር አያዳላም

እውነቱን ልንገራችሁና፣ ሰው «ኮምፒውተሬ ተበላሸብኝ» ሲለኝ ደስ ይለኛል። ክፉ ሆኜ አይደለም። «እስቲ አምጣው፣ ልየው» ለማለት ስለሚያስችለኝ ነው። ይቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ደፍሬ ለመናገር ያየሁትን ፍዳ ብታውቁ አትፈርዱብኝም። ፍዳው የእኔ ብቻ ቢሆን ደግሞ ምን ነበረበት? የሰው ሰርግ ከማበላሸት ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ጊዜ ካላችሁ ላጫውታችሁ።

ዳዊት እባላለሁ። ጂቡቲ፣ ቡላኦስ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ የትራንዚት ቢሮ ጸሐፊ ነኝ። አያቴ ለባቡር ሥራ መጥተው እዚሁ ቀሩ፤ አባቴ እዚሁ ተወለደ፤ እኔም እዚሁ። ስለዚህ በፈረንሳይኛ እጽፋለሁ፣ በሶማልኛ እገበያያለሁ፣ በዐረብኛ ሰላም እላለሁ፤ የምቆጣው ግን በአማርኛ ነው። ሰዓቴንም የምቆጥረው በአማርኛ ነው። የቢሮው ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት አሥር ሲል የእጄ ሰዓት አራት ይላል። የአባቴ ሰዓት ነው፤ አባቴም እንዲሁ ነበር የሚሞላው። ሁለቱን አስማምቶ መኖር ለእኛ እንደ መተንፈስ ስለሆነ ማንም አስቦበት አያውቅም።

ሥራዬ ተራ መያዝ ነው። ከኢትዮጵያ የሚመጣ ሹፌር ከተማ እንደገባ እኔ ጋ ይመጣል፣ እመዘግበዋለሁ፣ ከወደብ የሚጭንበትን ተራ ይጠብቃል። ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይጭናል። ከዚህ የቀለለ ሥራ አለ? የለም። ከዚህ የበለጠ የሚያጣላ ሥራስ አለ? እሱም የለም። ደብተሬ ላይ ሻይ ይፈሳል፣ ላብ ይንጠባጠባል፣ ስም ይደበዝዛል። በየጠዋቱ አንዱ መጥቶ «ለእገሌ አዳላህ» ይለኛል። ሌላው ገጽ ቀደድክ ይለኛል። አዳልቼ አላውቅም፤ ገጽ ግን አንድ ሁለቴ ቀድጃለሁ፤ ዝንብ ስገድልበት።

አለቃዬ ሙሴ ፋራህ አንድ ቀን ከጭቅጭቁ መሐል ወጥቶ ጠራኝ። ጊዜው የሁዳዴ ጾም እኩሌታ ነበር። ዲፕሎም ያላት አንዲት ልጅ እንዳገኘና ተራውን በኮምፒውተር እንደምትይዘው ነገረኝ። እኔስ ምን ልሠራ ነው ብዬ ጠየቅኩት። ሙሴ ፋራህ ጥሩ ሰው ስለሆነ ዓይኑን ከእኔ አንስቶ ጣራውን አየ። ደነገጥኩ። ከዚያ አፌ ከእኔ ቀድሞ፣ «እኔ ራሴ እሠራዋለሁ፣ ፕሮግራሚንግ እየተማርኩ ነው» አለ።

እየተማርኩ ነበር? ከአንድ መጽሐፍ አሥራ አንድ ገጽ አንብቤ ነበር። ከነዚህ ውስጥ ስድስቱ መግቢያ ናቸው።

ሙሴ ፋራህ ከፋሲካ በኋላ እስካለው ሳምንት ድረስ ጊዜ እንደሚሰጠኝ፣ እስከዚያ ተራው ያለ ጭቅጭቅ ከሄደ ልጅቷ እንደምትቀር፣ ካልሄደ ግን ወንበሩ የእሷ እንደሆነ ነገረኝ። ዕቃ ቤት ውስጥ ካርቶን ተጭኖበት የነበረ አሮጌ ኮምፒውተርም ሰጠኝ። ስከፍተው ዊንዶውሱ እስኪነሳ ዳቦ ገዝቼ እመለስ ነበር። ኮምፒውተሩ በጣም ስላረጀ ነው እንጂ በዊንዶውሱ አልፈርድም።

ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ኢንተርኔት ቤት ያላት ሂንዳ የምትባል ሴት አለች። ድሬዳዋ ያደገች ጂቡቲያዊት ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል። ኮምፒውተሩን ተሸክሜ እሷ ጋ ሄድኩ።

«ዳዊቴ፣ ይሄ አርጅቷል እንጂ አልሞተም» አለችኝ። «ሊኑክስ ጫንበት። ቀላል ነው፣ ነፃ ነው። ልትማርበትም ይሻልሃል።»

ሊኑክስ ማለት እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ሥርዓት ነው፤ ልዩነቱ ዓይነቱ ብዙ መሆኑ ነው። ሂንዳ ሦስት ዲስክ አውጥታ በማርከር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ጻፈችባቸው። አንድ ለጀማሪ ነው አለች። ሁለት ትንሽ ለለመደ ነው። ሦስት ደግሞ እንቅልፍ ለጠላ ሰው ነው።

እናንተ ብትሆኑ የትኛውን ትወስዳላችሁ? ጤነኛ ስለሆናችሁ አንድን ትወስዳላችሁ። እኔ ግን በሴት ፊት «ጀማሪ» መባል አልወደድኩም። ሦስትን ወሰድኩ።

ሦስት ሲከፈት ጥቁር ነው። ሥዕል የለ፣ እንኳን ደህና መጣህ የለ። አንዲት ነጭ ሰረዝ ብቻ ጥግ ላይ ብልጭ ድርግም ትላለች። እኔ አያታለሁ፣ እሷ ታየኛለች። የይለፍ ቃል ጻፍ ሲለኝ ጻፍኩ፤ የጻፍኩት ግን አይታይም። የቁልፍ ሰሌዳው ሞቷል ብዬ ገልብጬ መታሁት፤ የዳቦ ፍርፋሪ ወረደ። ለካ የይለፍ ቃል እንዳይታይ ሆን ተብሎ ነው። እሱን ሳውቅ ደግሞ ሌላ መጣ። የእኛ ከተማ ቁልፍ ሰሌዳ የፈረንሳይ ነው፤ ዲስኩ ግን የአሜሪካ መስሎታል። ኤ ስነካ ኪዩ ይጽፋል። በአራተኛው ቀን ዲስኩን ለሂንዳ መለስኩና «ተጭሯል» አልኳት። እዚያው ፊቴ የራሷ ኮምፒውተር ውስጥ ከተተችው፤ ያለ ምንም ችግር ሠራ። ዲስክ አንድን አንስታ ሰጠችኝ፤ እኔም ዓይኗን ሳላይ ተቀበልኩ።

አንድ ግን እንዴት ያለ ነገር ነው! በአንድ ሰዓት ውስጥ ተጭኖ አለቀ። ሥዕል አለው፣ ቀስቱ ይንቀሳቀሳል፣ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ነው፣ ኤ ስነካ ኤ ይጽፋል። ደስ ብሎኝ ወንበሬ ላይ ዞርኩ። ስዞር ጥግ ላይ ያለው ሰዓት ታየኝ። አሥር ሰዓት ከሩብ ይላል፤ ዓመቱን 2012 ይላል። የእጄን ሰዓት አየሁ፤ አራት ከሩብ። ዓመቱም በእኛ 2004 ነው። እንግዳ ነውና አያውቅም ብዬ አዘንኩለት። ሰዓቱን፣ ቀኑንና ዓመቱን በእኛ አስተካከልኩለት። ጥቂት ቆይቶ ተመልሶ አሥር አለ። እንደገና አስተካከልኩት። እንደገና ተመለሰ። በመጨረሻ «ሰዓቱን በራስህ አስተካክል» የምትል ሳጥን አግኝቼ ምልክቷን አጠፋሁባት። ከዚያ በኋላ ዝም አለ። ኮምፒውተር ሳሸንፍ የመጀመሪያዬ ስለነበር ለራሴ ሻይ አዘዝኩ።

ሻዩን ሳልጨርስ መከራው ጀመረ። ኢሜይሌን ልክፈት ስል «የዚህ ገጽ የምስክር ወረቀት ገና አልጸናም» ይላል። አዲስ ፕሮግራም ላውርድ ስል «ይህ ፊርማ የተፈረመው ወደፊት ነው» ይላል። ወደፊት የተፈረመ ፊርማ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ከሥሩ ደግሞ በትንሽ ጽሑፍ «ምናልባት የሰዓት ችግር» ይላል። እኔ ሰነፍ አይደለሁም፤ አጣራሁ። የእጄን ሰዓት ከስክሪኑ አጠገብ አስጠግቼ አስተያየሁ። በደቂቃ እንኳ አይዛነፍም! ሰዓቱማ ልክ ነው ብዬ ኢንተርኔት ወደሚያስገባው ሞደም ዞርኩ።

ሞደሙን አጥፍቼ አበራሁት። ገመዱን ለወጥኩት። ጠረጴዛውን ወደ መስኮት ገፋሁት። የጎረቤት ቢሮ ሰዎች ከራስ ዲካ በኩል የሚመጣው የባሕር እርጥበት ነው ስላሉኝ ኮምፒውተሩን ለአንድ ቀን ከሩዝ ጆንያ ጋር አስተኛሁት። ሩዙ ደርቆ ወጣ፤ ኮምፒውተሩ እንደነበረው ነው።

በዚያ ሰሞን ነው ጋሽ በየነ የመጡት። ጋሽ በየነ ተሳቢ የሚነዱ የናዝሬት ሰው ናቸው፤ ይህን መንገድ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ተመላልሰውበታል። አባቴ ሲታመም ከአዲስ አበባ መድኃኒት እያመጡለት፣ አንድም ቀን በክፉ ቃል ሳይናገሩኝ፣ እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩኝ። ጆሯቸውን ኮምፒውተሩ ላይ ለጥፈው ብዙ አዳመጡና፣

«አየር ስቧል» አሉ።

«ጋሽ በየነ፣ ይሄ እኮ ናፍጣ አይጠጣም» አልኳቸው።

«ይሁና። መኪና ደህና ሄዶ ሄዶ ከተበላሸ መጀመሪያ ምን ይታያል መሰለህ? መጨረሻ ሰው የነካው ቦታ። አንተ መጨረሻ የነካኸው ምኑን ነው?»

«ምንም አልነካሁም፤ ያስተካከልኩት ብቻ ነው» አልኩ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ በዚህ አፌ። ከዚያ ደግሞ ኮምፒውተርና መኪና አንድ እንዳልሆኑ ብቻውን ሁለት ጊዜ ሞተር አውርዶ ለገጠመ ሰው በትዕግሥት አስረዳሁ። ጋሽ በየነ አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ሲወጡ ልጃቸውን ለዳግማይ ትንሣኤ ናዝሬት ላይ እንደሚድሩ ነገሩኝ። የመጀመሪያ ልጃቸው ናት። በፋሲካ ማግስት መጥቼ፣ ጭኜ፣ ለሰርጉ እደርሳለሁ አሉኝ። እኔም ተራውን ለእኔ ይተዉት አልኳቸው።

ኢንተርኔቱ እንደተቆጣ ቢቀርም የተራ መያዣውን ፕሮግራም ከመጽሐፌ እያየሁ፣ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጻፍኩት። ሃያ ሦስት መስመር ነው። አትሳቁ፤ ሃያ ሦስቱ የሁለት ሳምንት ላብ ናቸው። በአንድ መስመር መነሻ ላይ አንድ ባዶ ቦታ ስለጎደለ ብቻ ሙሉ ቀን ሳይሠራ ዋለ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የሹፌሩን ስም ስጽፍ የገባበትን ጊዜ ከኮምፒውተሩ ሰዓት ወስዶ ያስቀምጣል፣ ከዚያ ቀድሞ የገባውን ከላይ አድርጎ ያትማል። ወረቀቱ እንዲያምር ብዬ ቁጥርና ስም ብቻ እንዲወጣ አደረግሁ፤ ቀንና ሰዓት ያጨናንቃል አልኩ። በሆሳዕና ሳምንት ሥራ ጀመረ። ሹፌሮች በር ላይ ተሰብስበው የታተመውን ወረቀት እንደ ሎተሪ ዕጣ አዩት። የሚጨቃጨቅ ጠፋ። ደብተሩን ለዘበኛው ሰጠሁት። በትልቁ «ኮምፒውተር አያዳላም» ብዬ አትሜ በሩ ላይ ለጠፍኩ። ሙሴ ፋራህ አንብቡልኝ ብሎ ሲያስተረጉም ሰምቻለሁ፤ ፈገግ አለ።

እዚህ ላይ ሥራውን ትቼ እጄን ባጣጥፍ ኖሮ ይህን ወግ አትሰሙም ነበር። ግን ያ ፊርማ ይቆረቁረኛል። ጥፋቱ የሊኑክሱ ዓይነት ነው አልኩ። በፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ማንም ሳይመጣ የተራውን ዝርዝርና ፕሮግራሙን ፍላሽ ላይ አስቀምጬ፣ ከሂንዳ የተዋስኩትን ዲስክ ሁለትን ጫንኩ። ገና ተጭኖ እንዳለቀ ጋሽ በየነ ገቡ። እንኳን አደረሰህ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን ተባባልን። የበዓል ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለው ከናዝሬት ድረስ ይዘውልኝ መጥተዋል። መዘገብኳቸው። ስድስት ሰው ቀድሟቸዋል፤ በቀን ሦስት መኪና ይጫናል፤ ረቡዕ ይጭናሉ፤ ዓርብ ናዝሬት ይገባሉ። ጨርሰው ሲወጡ ዳቦዬን እየገመጥኩ ወደ ስክሪኑ ዞርኩ። ሰዓቱ ደግሞ ተሳስቷል! አስተካከልኩት።

ማክሰኞ ጠዋት ዝርዝሩ ሲታተም ጋሽ በየነ ዘጠነኛ ነበሩ። ሰኞ ሰባተኛ የነበረ ሰው፣ ሦስት መኪና ከፊቱ ወጥቶለት፣ ዘጠነኛ! ወረቀቱን አይተው እኔን አዩኝ። ከጭነቱ ዓይነት ሊሆን ይችላል አልኳቸው። ረቡዕ አሥረኛ ሆኑ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ የገቡ ሁሉ ከላያቸው ናቸው። እኔ እኮ ሰኞ ጠዋት ሲገቡ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ዳቦአቸውን በልቻለሁ! ግን ዓይኔን ትቼ ወረቀቱን አመንኩ። ሹፌሮቹ ፊት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ጋሽ በየነ፣ ምን ላድርግ? ኮምፒውተር አያዳላም» አልኳቸው። ይህቺን ቃል ዛሬ ሳስታውስ ጆሮዬ ይግላል።

ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለተኛ ሆኑ። ዓርብ ቢሮ ዝግ ነው፤ ሐሙስ ያልጫነ እስከ እሑድ አይጭንም። እሑድ ደግሞ ሰርጉ ነው። ጋሽ በየነ ሰው እስኪወጣ ጠብቀው ገቡና ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። እንዲቀመጡ ብለምናቸው እምቢ አሉ።

«ዳዊት ልጄ» አሉኝ። «ሳላውቅ ያስቀየምኩህ ነገር አለ? ካለ ይቅር በለኝ። ግን ልጄን በእጄ ልዳራት።»

ቢሰድቡኝ በስንት ጣዕሙ! ለአባቴ መድኃኒት ያመላለሱ ሰው፣ እኔ ፊት ባርኔጣ አውልቀው ይቅርታ ሲጠይቁኝ አፈርኩ። እንባዬ መጣ። ወንበር ስቤ አጠገቤ አስቀመጥኳቸውና አብረን እንየው አልኳቸው። ፕሮግራሙ ላይ አንድ መስመር ጨምሬ ለእያንዳንዱ ሰው የገባበትን ቀን እንዲያሳይ አደረግሁ።

አሥራ አንድ ሰው፣ 2004። ከዚያ ከታች፣ በየነ፣ 2012።

ጋሽ በየነ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት። ከኪሳቸው ሁለት ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጉ። አንዱ የወደብ ነው፣ 2012 ይላል። አንዱ ከአገር ቤት የተሰጣቸው የመንገድ ወረቀት ነው፣ 2004 ይላል። ሁለቱንም በየሳምንቱ የሚያሳዩ ሰው ናቸው።

«ሁሉንም በእኛ ጽፈህ እኔን ብቻ በፈረንጅ ጻፍከኝ» አሉ። «እንደዚህ ከሆነማ እኔ የምመጣው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። ሰዓቱን ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«አልነካሁም ብለኸኝ አልነበር?»

«ያስተካከልኩት መስሎኝ ነው፣ ጋሽዬ።»

ስንት ጥፋት ላይ ተቀምጬ እንደነበር ሲገባኝ ወንበሩ አቃጠለኝ። የምስክር ወረቀቱ ያልጸናው፣ ፊርማው ወደፊት የተፈረመው፣ ሞደሙ የተደበደበው፣ ሩዙ የተጨነቀው፣ ሁሉም በእኔ ሰዓት ነው። ሦስት ዓይነት ሊኑክስ ስቀያይር ጥፋቱን በእጄ ላይ አስሬው ነበር የምዞረው።

ተነስቼ ግቢ ወጣሁ። አሥራ አንዱ ሹፌሮች ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ሙሴ ፋራህ መስኮቱ ላይ ቆሟል። ወንበሬ እንደሄደ አውቄዋለሁ። ቢሆንም ጮክ ብዬ ተናገርኩ፤ ጋሽ በየነ ረቡዕ መጫን እንደነበረባቸው፣ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ሳይሆን የእኔ እንደሆነ፣ ሰዓት አላውቅ ብዬ ሰው እንደበደልኩ፣ እሑድ የልጃቸው ሰርግ እንደሆነ። ከዚያ የመጀመሪያው ተራ የደረሰው ከማል የሚባል የደሴ ልጅ ተነሳ።

«ማለት ጋሽ በየነን ስምንት ዓመት ልታስቀምጣቸው ነበር?» አለ።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ከማል ተራውን ለቀቀላቸው። ሌሎቹም «ይጫን! ይጫን!» አሉ። ጋሽ በየነ በዚያው ቀን፣ ከተማው ጫት ይዞ ጥላ ፍለጋ ሲገባ፣ ጭነው ወጡ። ቅዳሜ ማታ ናዝሬት መግባታቸውን ስልክ እስኪደውሉልኝ ድረስ እህል አልወረደልኝም።

ሰዓቱን ወደ ፈረንጁ መለስኩት። ያቺንም ሳጥን ምልክት አደረግሁባት። ወዲያው ኢሜይሌ ተከፈተ፤ ማውረዱም ሠራ። ለሂንዳ ደውዬ ስነግራት ለረጅም ጊዜ ስልኩ ውስጥ የሚሰማው ሳቋ ብቻ ነበር። ሙሴ ፋራህም ጠራኝ። ልጅቷ እንደማትመጣ፣ ጥፋቱን ግቢ ወጥቶ የሚናገር ጸሐፊ እስካሁን አጋጥሞት እንደማያውቅ ነገረኝ። ልፎክር ስል ግን ደብተሩን ከዘበኛው ተቀብዬ ከኮምፒውተሩ ጎን እንድጽፍበት አዘዘኝ።

ዘበኛውን ስጠይቀው ደብተሩን ለጋሽ በየነ ሰጥቻለሁ አለኝ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

በሁለተኛው ሳምንት ጋሽ በየነ ተመለሱ፤ ከሰርጉ የተረፈ ድርቆሽና ቋንጣ ይዘዋል። ካርቲዬ ሁለት ሰፈር ካለች አንዲት የሐበሻ ምግብ ቤት ሁለት በግ፣ አንዱን በክርስቲያን አንዱን በሙስሊም አሳርደው፣ ሹፌሮቹን ሁሉ ለምሳ ጠሩ። እኔንም ጠሩኝ። ይቅር እንዳሉኝ ስላወቅኩ ደስ ብሎኝ፣ ቁርስ ሳልበላ፣ ከሁሉ ቀድሜ ደረስኩ። ጋሽ በየነ በር ላይ ወንበር አስቀምጠው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ የእኔን ደብተር ጉልበታቸው ላይ ዘርግተዋል።

«ዛሬ የሚበላው በተራ ነው። ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይበላል» አሉና ስሜን ጻፉ። ከገጹ ግርጌ ነው የጻፉት። እኔም ምንም አልመሰለኝም።

ከማል መጣ። ስሙን ከእኔ በላይ ጻፉት። ሌላ መጣ፤ ከእኔ በላይ። ሌላ መጣ። ሂንዳም ተጠርታ ኖሮ እየሳቀች ገባች፤ ከእኔ በላይ። ሙሴ ፋራህ ሳይቀር ከእኔ በላይ። ጥብሱ በፊቴ ያልፋል፣ ቅቅሉ ያልፋል፣ ሰዉ ይጎርሳል፣ እኔን የሚያይ የለም። ሁሉም የሚያውቀው ነገር እንዳለ የገባኝ ከማል ሳቁን በሥጋ ሲያፍን ሳየው ነው።

«ጋሽ በየነ» አልኩ ሆዴ እየጮኸ፣ «ከሁሉም ቀድሜ የመጣሁት እኮ እኔ ነኝ። ሲጽፉኝ በዓይንዎ አይተውኛል።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ያን ረቡዕ እኔ በተናገርኳቸው ድምፅ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣

«ልጄ፣ ምን ላድርግ?» አሉኝ። «ደብተር አያዳላም።»

የደረሰኝ አጥንት ነበር። ሁለት ጊዜ ጋጥኩት።